በጋቢ ላይ የወጣች ፀሐይ

አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚያወጣው ሽታ አለ። ጭቃው፣ ጭዱ፣ የበሰበሰው ጣውላ፣ የአይጡ ጉድጓድ፣ በግድግዳ ውስጥ ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረው አየር፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል። ባለፈው ወር ፒያሳ ያደግኩበት ቤት ሊፈርስ ነው ሲሉኝ ሄጄ፣ ገና ከአስፋልቱ ማዶ ሳለሁ ያ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ፎቁ ግማሹ ወርዷል። የመኝታ ቤታችን ሰማያዊ ግድግዳ ያለ ጣሪያ ቀርቶ ለመንገደኛው ሁሉ ተሰጥቷል። ሰው ፊት ልብሴን የገፈፉኝ ያህል አፈርኩ።

"እናት፣ አቧራው ይጎዳዎታል፣ ፈንጠር ይበሉ" አለኝ ቢጫ ቆብ ያደረገ ጎረምሳ።

እናት መባሌ ራሱ አስደነገጠኝ። እኔ በዚያች ሰዓት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዓይኔም ከሰማያዊው ግድግዳ ላይ አልነቀል ብሎ ነበር። አንድ የጾም ቅዳሜ ፀሐይ እዚያ ግድግዳ ላይ ወጥታ አይቻለሁ።

የማወራው ስለዚያ ቅዳሜና ወደ እሱ ስላደረሱን ጥቂት ሳምንታት ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ አጎቴ አልሞተም። ክረምቱ ሳይገባ ከስቶና ጠቁሮ በገዛ እግሩ ወደ ቤት ተመልሷል። ይኑር ይሙት እያሉ ሰውን ማንጠልጠል አልወድም፤ በዚያ ዘመን በእኛ ላይ የተደረገው ይበቃል።

ቤቱ የቀበሌ ነበር። ከታች የተዘጋ ሱቅ፣ ከላይ ደግሞ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ሁለት ተከታታይ ክፍሎች። ሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ያያል። የምንኖረው ሦስት ሆነን ነው፤ አያቴ ወይዘሮ አጸደ፣ አጎቴ መርዕድና እኔ። እናቴ በሕፃንነቴ ታማ ሞታለች። አባቴን ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ወስደውታል፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ አላለቀም። ስለዚህ በእኛ ቤት በር ሲንኳኳ ማንም ቶሎ ብሎ "ማነው?" አይልም። መጀመሪያ ሁላችንም ማኘክ እናቆማለን።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ነው። ሰፈሩ "ዶክተር" ይለዋል፣ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ያኔ ሲቀድስ ድምፁን የሰሙ አሮጊቶች እኔን መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አገጬን ይዘው፣ "የዚያ የመላእክት ድምፅ ዘመድ አይደለሽ?" ይሉኛል። ከዚያ አስኳላ ገባ፣ ውጭ አገር ሄደ፣ ፊዚክስ ተምሮ መጣ። አራት ኪሎ ያስተምራል። ምርምሩ ከደመና በጣም ከፍ ብሎ ስላለው አየር ነው። ማታ ራት ሲበላ ራዲዮኑን ከፍቶ ምንም ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያቆመውና ሹሹታውን ብቻ ያዳምጣል። እኔ ራዲዮን መክፈት የማይችል ምሁር እያልኩ አዝንለት ነበር።

"ፊዚክሱ ነው የወሰደብኝ" ትላለች አያቴ ለሚሰማት ሁሉ። "ልጄን ሰጥቼ ዶክተር ተቀበልኩ።"

እኔ ፊዚክስ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ፈረንጅ አገር ብርድ ሲመታህ የሚይዝ፣ ሰውን እግዜርን የሚያስረሳ በሽታ። ምልክቱን አያቴ ራሷ አስተምራኛለች። ማተቡን ከአንገቱ ፈቷል። በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ አያማትብም። ቄስ ሲመጣ ይነሳል፣ ወንበር ይሰጣል፣ መስቀል ሳይሳለም ግን "ክፍል አለብኝ" ብሎ ይወጣል። ከአባቴ ወዲያ ቤታችን በዓይን ውስጥ እንደገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ቤተ ክርስቲያን እንደሚስም የሚከታተሉ ሰዎች እንዳሉ ለእሷም ለእኔም የነገረን የለም። አጎቴ ፍርሃቱን ለብቻው ነበር የሚይዘው። እኔም ትንፋሹ እንዳይጋባብኝ ስል ሲስመኝ አፌን ግጥም አድርጌ እዘጋ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሹሹታው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩት። በጣም ሩቅ አገር መብረቅ ሲመታ ድምፁ ወደ ላይ ሄዶ ከአንድ የአየር ሽፋን ጋር ይላተምና ወደ እኛ ይመለሳል አለኝ። "ሰማይ ጣሪያ እንዳለው አድርገሽ አስቢው" አለ። ሮጬ ለአያቴ ነገርኳት።

"ጣሪያ አለው አለ? እሱ ራሱ አለ?" ፊቷ በራ። "ጠፈር ነዋ! መጽሐፉ የሚለው ጠፈር! እንግዲያው ሁሉንም አልካደም።"

ያን ቀን ሽሮው ላይ ያለወትሮዋ ቃሪያ ጨመረችለት። እሱ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ በላ።

ደስታዋን ያበላሸው ደግሞ እኔው ያመጣሁት ወሬ ነው። አያቴ በየማለዳው ነጠላዋን ተከናንባ ኪዳን ትሄዳለች። እግሯ ከመጨረሻው ደረጃ ወርዶ የታችኛው በር እንደተዘጋ አጎቴ ከአልጋው ይወርድና ባዶ እግሩን በምሥራቁ መስኮት ፊት ይቆማል። እጁን ዘርግቶ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ አልፎ አልፎ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ እየተነሳ፣ ጣሪያዎቹ ላይ ብርሃን እስኪወጣ እንዲያው ነው። እኔ ከብርድ ልብሴ ሥር በአንድ ዓይኔ አየዋለሁ።

"ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አልኩት አንድ ማለዳ።

ደንግጦ ዞረ። "ፀሐይዋን እየጠበቅኩ ነው።"

"ለምርምርህ?"

"ለእሱም" ብሎ ፈገግ አለ።

እኔ ፀሐይን በሰዓቷ መውጣቷን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ያለ፣ የዚያም ኃላፊ አጎቴ የሆነ መሰለኝ። ኮራሁ። ለአያቴም ጠዋት ጠዋት ፀሐይን እጁን ዘርግቶ እንደሚቀበላት፣ ጎንበስ እንደሚልላትም አወራኋት። በእጇ የያዘችው የጣሳ ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ለፀሐይ?" አለች። "ለፀሐይ ይሰግዳል?"

በሕይወቴ ያን ያህል የደነገጠ ፊት እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጇ ከሃዲ መሆኑ ቀርቶ ጣዖት አምላኪ ሆነ። ልትጠይቀው ትችል ነበር። ግን አትጠይቅም፤ "አዎ" ቢለኝስ ብላ ትፈራለች። ከአፉ እንድትሰማ የምትፈልገው "አምናለሁ" የሚለውን አንድ ቃል ነበር። ማታ ማታ ለሥዕለ ማርያም የምትነግራትም ይህንኑ ነው።

በዚህ መሀል ነው በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ትጋረዳለች የሚለው ወሬ የመጣው። ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። ፀሐይ ትሞታለች የሚል አለ፣ ሦስት ቀን ጨለማ ይሆናል የሚል አለ። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ማንም ቀና ብሎ እንዳያይ፣ ዓይን እንደሚያጠፋ እየለፈፈ ይዞራል። አያቴ ደግሞ በሐዘን ዓይን አጎቴን እያየች፣ "አምላኩ ልትሞትበት ነው" ትለኛለች በሹክሹክታ።

ቅዳሜ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ቀበሌው ውይይት ጠራ። አጎቴ ስለ ግርዶሹ እንዲያስረዳ ታዘዘ። ሰብሳቢው የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ነበር። ከአብዮቱ በፊት ከእኛ ሁለት ቅያስ ከፍ ብሎ ባለው ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበር። አሁን ካኪ ለብሷል፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ፣ አስተያየቱ ግን ዛሬም ትኬት የሚጠይቅ ይመስላል። አጎቴ ብርቱካንና ሎሚ ይዞ ጨረቃ እንዴት ከፀሐይ ፊት እንደምታልፍ አሳየ። ጥሩ ነበር፤ ሰውም ሳቀለት። በመጨረሻ ከሽፈራው ጎን የተቀመጠ፣ ከላይ የመጣ ካድሬ ተነሳ።

"ስለዚህ ጓድ ዶክተር፣ ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ ከሆነ እግዚአብሔር የሚባል የለም ማለት ነው። ለሰፊው ሕዝብ ያረጋግጡለት።"

አያቴ ከሴቶቹ ረድፍ አንገቷን አስግጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አጎቴ ሎሚውን በእጁ አገላበጠው።

"የዛሬው ጥያቄ ስለ ጨረቃ ነው" አለና ተቀመጠ።

ካድሬው እንደ አዎንታ ወስዶት አጨበጨበ፣ አዳራሹም ተከተለው። አያቴም እንደ አዎንታ ወሰደችው። ቤት ስንደርስ ከመሶቡ ላይ የእሱን እንጀራ ለየችና በሌላ ሳህን አቀረበችለት። አንድ ማዕድ የሚቆርስ ቤተሰብ ውስጥ ሳህን መለየት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። በጥፊ ብትመታው ይሻል ነበር። እሱ ሳህኑን አየ፣ በላ። ሳምንቱን እንዲያ በላን።

አርብ ማታ አያቴ ነገ ጊዮርጊስ ገብታ እንደምትውል፣ ፀሐይም ከሞተች እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ መሞት እንደምትፈልግ አስታወቀች። አጎቴ በርከክ ብሎ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

"እማዬ፣ ቤት ሁኚና ላሳይሽ።"

"ፀሐይን ዓይን አያያትም።"

"ጀርባሽን ሰጥተሻት ነው የምታያት። ማኅበርተኞችሽንም ጥሪያቸው። የዩኒቨርሲቲውን መሣሪያ ረዳቴ ይጠብቀዋል፤ እኔ እዚህ ካንቺ ጋር ነኝ።"

እድሜ ልኩን የጠበቀውን ግርዶሽ ከመሣሪያው ርቆ ከእሷ ጋር ሊያይ መወሰኑ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። እኔም ያኔ አልገባኝም። ብቻ ከሳምንት ዝምታ በኋላ ስለለመናት ሆዷ ባባ፣ እሺ አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መስኮቶቹን ሁሉ በእንጨት መዝጊያቸው ዘጋ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈ። አንዲት የመስታወት ቁራጭ ወስዶ ላይዋን በወረቀት ሸፈነና ወረቀቱን በምስማር አንድ ቦታ ላይ በሳው። ያችን መስታወት ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀመጣት። ብርሃኗ በመዝጊያው መሀል በተተወች ክፍተት ገብታ፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ መኝታ ቤታችን መጨረሻ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። እዚያ የአያቴን ጋቢ ሰቀለ።

ሴቶቹ መጡ። ሦስት የአያቴ የጽዋ ማኅበርተኞችና እትዬ ዘሀራ። እትዬ ዘሀራ ከወሎ የመጡ፣ በጓሮ በኩል የሚጎራበቱን፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት ናቸው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ማኅበርተኞቹም እሳቸውን አይተው አወለቁ። ጫማዎቹ ከውጭ በኩል በተርታ ቆሙ። አጎቴ በሩን ዘጋ።

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ጋቢው ላይ የሻይ ሳህን የምታህል ክብ ብርሃን አየሁ። ዝም ብላ የበራች መስሎኝ ነበር፤ ግን ጠርዟ ላይ ተነክሳለች።

"ይቺ ናት" አለ አጎቴ። "ራሷ ፀሐይ ናት። የተነከሰችበት ቦታ ጨረቃዋ ናት።"

ደነገጥኩ። ፀሐይ ቤታችን ገብታ ጋቢያችን ላይ ተቀምጣለች! አንዷ ማኅበርተኛ እጇን ዘርግታ ልትነካት ሞከረች፣ ፀሐይዋም የእጇ ጀርባ ላይ ወጣች። "ውይ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። እትዬ ዘሀራ በሹክሹክታ አላህን ይጠራሉ። አጎቴ በየጊዜው እጁን በክፍተቱ አውጥቶ መስታወቱን ነካ ያደርጋል፣ ፀሐይዋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ንክሻው እየሰፋ ሄደ። ፀሐይ እንደ ተቆረጠ ጥፍር ስትቀጥን፣ ውጭ ውሾች ሲያላዝኑ፣ የአያቴ ድምፅ ከጨለማው ተነሳ።

"እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!"

ሴቶቹ ተቀበሏት። እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ። ድምፃቸው ጣውላውን አነዘረው። እኔ አጎቴ ክንድ ሥር ተሸጉጫለሁ፤ ደረቱ ከእነሱ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኝ ነበር።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ።

ብርሃን እንደ ውሃ ገባ። ጓድ ሽፈራው ሽጉጡን መዝዞ፣ ከኋላው ጠመንጃ የያዘ ልጅ እግር የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ቆሟል። ምን እንዳዩ ዛሬ ይገባኛል። ለመጠርጠር ብዙ አያስፈልግም ነበር። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን የዘጋ ቤት፣ ሰገነቱ ላይ የሚያብለጨልጭ መስታወት፣ ሳይፈቀድ የተሰበሰበ ሰው፤ ያውም አንድ ልጁ የተወሰደበት ቤት። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ለቀበሌው ማሳወቅ ነበረበት። የጨረቃን መምጫ ያሰላው አጎቴ ያችን ዘነጋት።

"ማንም እንዳይነቃነቅ! የምን ስብሰባ ነው?"

"ፀሐይ እያየን ነው" አለ አጎቴ።

"በጨለማ ቤት? የታለች?"

አጎቴ ወደ ጋቢው ዞረ። ጋቢው ላይ ምንም የለም። ከበሩ የገባው ብርሃን አጥፍቷታል። እኔም አየሁ፤ ነጭ ጋቢ ብቻ። "አሁን እዚህ ነበረች!" ብዬ ጮህኩ። ልጅ እግሩ ሳቀ።

"እናንተ ስትገቡ ጠፋች" አለ አጎቴ። "በሩን ዝጉትና ላሳያችሁ።"

"ከእናንተ ጋር ጨለማ ውስጥ? ሞኝህን ፈልግ! መስታወቱን ለማን ነው የምታበራው?"

ሽጉጡ ወደ አጎቴ ደረት ዞረ። እኔ አባቴ የወጣበትን ቀን ሽታ ሸተተኝ፤ የካኪና የላብ ሽታ። በዚያች ቅጽበት አጎቴን ሊያድነው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም በሩ ካልተዘጋ አይታይም።

"አንተ ሽፈራው!" አሉ እትዬ ዘሀራ ከማዕዘኑ። "ይህን ሁሉ ዘመን ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመህ ትኬት ስትቆርጥ፣ መብራት ሳይጠፋ የተጀመረ ፊልም አይተህ ታውቃለህ?"

የማያውቀውን ፊዚክስ አልነገሩትም፤ ሥራውን ነው ያስታወሱት። ሽፈራው ልጅ እግሩን በሩ ሥር እንዲቆም አዘዘውና ሽጉጡን ሳያወርድ በሩን በእግሩ ገፍቶ ዘጋው። ከዚያ ወደ ጋቢው ሄደ። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ፀሐይዋ ከኋላው መጥታ ካኪ ሸሚዙ ላይ ወጣች፤ ቀጭን፣ ጥምዝ፣ ደማቅ። ሴቶቹ ሲያጉረመርሙ ዞሮ ደረቱን አየ።

"በስመ አብ!" አለ ጓድ ሽፈራው።

አለ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሰምተናል። የሰማው ልጅ እግርም ጨለማው ውስጥ እግሩን አነቃነቀ። ሽፈራው ሄዶ በሩን ከፈተና ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ቆየ።

"ሳይንስ ነው" አለ በመጨረሻ። "የሳይንስ ማሳያ ነው። እንደዚያ ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ።"

ተነፈስን። አያቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያለቀ መስሎኛል።

"ጓድ" አለ ልጅ እግሩ፣ "እግዚኦታውስ? ከደረጃው ሥር ሆነን ሰምተናል። ጫማቸውንም አውልቀዋል። ጸሎቱን የመራው ማነው?" ይህን ሲል ሽፈራውን በቀጥታ ዓይኑን ነበር የሚያየው።

ሽፈራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይሄድ ነበር እላለሁ። አሁን ግን በስመ አብ ብሏል፣ ምስክርም አለበት። ፊቱ ተለወጠ።

"አሮጊቶቹ ናቸው እንግዲህ" አለ። "ጓድ ዶክተር የሳይንስ ሰው ስለሆነ የለበትም። አይደል? እዚህ ውስጥ አልጸለይኩም በለኝና ልሂድ። ሴቶቹን ቀበሌ ወስደን እናነጋግራቸዋለን።"

አጎቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት አያቴ ከወንበሯ ተነሳች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ቀኝ እጇን ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ ዘረጋች።

"እኔን ውሰዱኝ! ጸሎቱ የኔ ነው። እሱ እኮ ከሃዲ ነው! እሑድ በአዳራሹ አጨብጭባችሁለት የለም እንዴ? ማተብ የለውም፣ ቤተ ክርስቲያን አይስምም። ማዕድ ለይቼዋለሁ፣ ሳህኑን ላሳያችሁ። ጊዮርጊስን! ልጄ በእግዜር አያምንም! እኔ እናቱ መሰከርኩ!"

ስሙን ለመጥራት እንኳ ጫማዋን የምታወልቅለትን ቅዱስ ለሐሰት ጠራችው። ሐሰት መሆኑን ግን እሷ አታውቅም። እሷ እውነት ብላ የምታምነውን፣ ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰችበትን ነገር፣ አሁን እንደ ጋሻ ይዛ ልጇ ፊት ቆመችበት። የልጇ ክህደት ልጇን እንዲያድንላት ለመነች።

"ይኸው፣ እናቱ መስክረዋል" አለ ሽፈራው ቶሎ ብሎ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። "አረጋግጥልኝ፣ ዶክተር።"

አጎቴ አያቴን አያት። ደግሞ ሴቶቹን አያቸው፤ አንዷ ማኅበርተኛ እትዬ ዘሀራን አጥብቃ ይዛለች። እኔ በልቤ "አዎ በል፣ አዎ በል፣ አዎ በል" እላለሁ። እንዲህ አጥብቄ የጸለይኩት ጸሎት የለም፤ አጎቴ እግዜርን እንዲክድልኝ ወደ እግዜር ጸለይኩ።

"እማዬ፣ ባላወቅሽው ነው የማልሽው" አለ። ድምፁ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ያለ ነበር። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኩሽም። ጓድ ሽፈራው፣ ሴቶቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፣ ቤቱን ያጨለምኩትም እኔ። ጨረቃዋ የምትመጣበትን ሰዓት ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ስትመጣም እግዚኦ ብያለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው እንጂ ያላልኩበት ቀን የለም። እናቴ ኪዳን ስትሄድ እኔ እዚያ መስኮት ፊት ቆሜ ዳዊቴን እደግማለሁ። ልጅቷን ጠይቃት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈሩ፣ የተዘረጋው እጁ፣ ጎንበስ ብሎ የሚነሳው ወገቡ፣ ሁሉም በአንዴ ዓይኔ ላይ መጣ። ፀሐይን እየተቆጣጠረ አልነበረም። አያቴም ዓይኖቿን ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ምሥራቁ መስኮት አንከራተተች። የምትፈልገውን ቃል ከአፉ ሰማች፤ ግን በካኪ ለባሽ ፊት፣ ሽጉጥ በተደቀነበት ሰዓት ሰማችው። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ሰማህ፣ ጓድ" አለ ልጅ እግሩ።

"ሰምቻለሁ" አለ ሽፈራው፣ ማንንም ሳያይ። "ጫማህን አድርግ። ለጥያቄ ትፈለጋለህ።"

አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አሰረ። ተነስቶ ሳመኝ፤ በዚያች ሰዓት አፌን አልዘጋሁም። አያቴን ጉልበቷን ሳመ። እሷ እንደ ድንጋይ ቆማ አልነካችውም። ደረጃውን ይዘውት ሲወርዱ ጣውላው ሲንቋቋ አንድ በአንድ ሰማሁት።

ሰገነቱ ላይ ወጣን። ውጭው ጨለማም ብርሃንም አልነበረም፤ የአመድ ቀለም ያለው፣ የሚቀዘቅዝ፣ ጥላው የተሳለ ቀን። ሰው በየበሩ ተለጥፎ ቆሟል። አጎቴን በመሀላቸው አድርገው ቁልቁል ይዘውት ይሄዳሉ። አያቴ የሰገነቱን እንጨት በሁለት እጇ ያዘች። እሪ ልትል ነው ብዬ ጆሮዬን በእጄ ደፈንኩ። ለአባቴ እሪ ብላ ነበር፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

እልል አለች።

እጄን ከጆሮዬ አነሳሁ። እልልልል! የሠርግ፣ የጥምቀት እልልታ፣ በዚያ በአመድ ቀን፣ ከሰገነት ላይ፣ ልጇ በጠመንጃ ሲነዳ። ሰፈሩ በሙሉ ቀና አለ። "አበደች!" ሲል የሰማሁት ሰው አለ። እትዬ ዘሀራ ከኋላ ሊይዟት መጥተው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሽፈራው ቆመ። አጎቴ ዞሮ ወደ ላይ አያትና ሳቀ፤ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ልጅ እግሩ በአፈሙዙ ጀርባውን ገፋው።

እልልታዋ ቸርችልን ይዞት ወረደ። አጎቴ ከማዞሪያው ጀርባ እስኪሰወር አላቋረጠችም፤ ከተሰወረም በኋላ አላቋረጠችም። ሳትተነፍስ፣ አፏን ሳትዘጋ፣ ያው ድምፅ እዚያው ጉሮሮዋ ውስጥ እየተለወጠ ለቅሶ ሆነ። እልልታው የት ላይ አልቆ ለቅሶው የት ላይ እንደጀመረ፣ ቀሚሷን ይዤ ከሥሯ ቆሜ እየሰማሁ፣ መለየት አልቻልኩም።